በምናባዊ ተረት ውስጥ ያለች ሕመምተኛ ልጅ መጨረሻው ላይ መዳን አለባት?

መምህርት ከደሴ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ለሆናቸው ልጆች የሚሆን አንድ ረዘም ያለ ምናባዊ ተረት እየጻፍኩ ነው፤ ሆኖም መጨረሻው ላይ ደርሼ ብዕሬ ስለቆመ ምክራችሁን ልጠይቅ መጣሁ። ባለታሪኳ ዓይነት 1 የሚባለው የስኳር ሕመም ያለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አንድ ቀን በሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ሳለ ውሃው እንደ በር ይከፈትላትና ከሥሩ ወዳለው አገር ትወርዳለች። በዚያ የምትነግሥ የውሃ ንግሥት አለች፤ ልጅቱ ሦስት ፈተናዎችን ስታልፍ ንግሥቲቱ እጇን በግንባሯ ላይ ጭና ትፈውሳታለች፤ ልጅቱም መርፌዋንና የኢንሱሊን ብልቃጧን ሐይቁ ውስጥ ወርውራ እየሮጠች ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያውም የመጨረሻውን ምዕራፍ በአንድ ሌሊት ነው የጨረስኩት። ችግሩ የመጣው ረቂቁን ለእህቴ ልጅ ሳነብላት ነው። እርሷም ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ይኸው ሕመም ከታወቀባት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ተረቱን የጀመርኩትም በእርሷ ምክንያት ነበር። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ ስለ ፈውሱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ይልቁንም «አክስቴ፣ ሐይቁ ውስጥ ፍሪጅ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ፈተናዎቹን እያጓጓሁ ሳነብላት እርሷ ገና ልጅቱ ውሃ ውስጥ ከገባችበት ገጽ ጀምሮ ኢንሱሊኑ እንዳይበላሽ ስትጨነቅ ቆይታለች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱን መፈወሴ ትክክል መሆኑን መጠራጠር ጀምሬያለሁ፤ ካልፈወስኳት ደግሞ ያ ሁሉ ተአምር ያለበት አገር ለምን እንደሚያስፈልጋት አልገባኝም። ሕመሙን የምታውቁትም ሆናችሁ ለልጆች የምትጽፉት የሚመስላችሁን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ነርስ፣ የሕፃናት ክትትል

እህቴ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ክትትል በሚያደርጉበት ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ ድርሰት የሚያውቁት ይመልሱልዎና እኔ ስለ ልጅቱ አካል ልናገር።

ይህ ሕመም የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠፋቸው ነው። ልጅ ጣፋጭ ስላበዛ አይመጣም። እኛ ዘንድ ግን የሕመሙ መጠሪያ ራሱ «ስኳር» ስለሆነ የክፍል ጓደኞቿ ከረሜላ በልታ የታመመች ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ በተረትዎ ውስጥ ልጅቱን ማር ሰርቃ የተቀጣች የሚያስመስል ነገር ካለ ከወዲሁ ያውጡት። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ግን የመርፌው መወርወር ነው። ኢንሱሊን ያቋረጠች ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ጥማት ይጸናባታል፣ ሽንት ይመላለስባታል፣ ያስመልሳታል፣ ትንፋሿ የፍራፍሬ ሽታ ያመጣል፣ ካልታከመችም ራሷን ትስታለች። «ድነናል» ብለው መድኃኒቱን አቁመው በዚህ ሁኔታ የመጡ ልጆችን ተቀብያለሁና የመጨረሻው ምዕራፍዎ እነርሱን አስታወሰኝ።

የእህትዎ ልጅ ጥያቄ ደግሞ የባለሙያ ጥያቄ ነው። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ከፀሐይና ከሙቀት ከተጠበቀ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል፤ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ግን ቢቀልጥም ዋጋ የለውም። ፍሪጅ በሌለበት ቤት አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጠን በመካከላቸው አሸዋ ሞልተን አሸዋውን በውሃ እናርሰዋለን። ውሃው በሸክላው ገላ እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ስለሚወጣ የውስጠኛው ማሰሮ ቀዝቀዝ ይላል። ይህ እንደ ፍሪጅ ባይሆንም በቆላ ላለች እናት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለእኔም ንግሥቲቱ ከምታደርገው ነገር ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ማሰሮ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደራሲዎች ብዙ ጊዜ ስኳሯ ዝቅ ብሎ የወደቀችን ልጅ ኢንሱሊን በመውጋት ያድኗታል፤ ይህ ግን ሊገድላት ይችላል። ኢንሱሊን ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት ነው። በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሲወርድ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል፣ ይርባታል፣ ነገር ይምታታባታል፤ መፍትሔውም 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ፣ ወይም በምትኩ ማር መስጠት፣ ከዚያም 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት ነው። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አይሰጣትም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና መወሰድ አለባት። እንግዲህ ጠላት በር ላይ ቆሞ እያገሳ 15 ደቂቃ መጠበቅ ግድ የሚሆንባት ጀግና ለተረት አትመችም እንዳይሉኝ።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ

ዕድሜዬ 31 ነው፤ ኢንሱሊን መውሰድ የጀመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው። ነርሷ ቆሽትን ካነሡት አይቀር አንድ ነገር ላውጋችሁ፤ በልጅነቴ አንድ መምህራችን ክፍሉ በተረበሸ ቁጥር «ቆሽቴን አታሳርሩት!» ይሉን ነበርና፣ የእኔው ቆሽት አስቀድሞ ማረሩን የነገሯቸው እየመሰለኝ አንገቴን እደፋ ነበር። ኋላ ላይ ግን በዚሁ ቃል ከጓደኞቼ ጋር መሳቅ ተማርኩ። ለባለታሪኳም እንዲህ ያለ ቀልድ ይስጧት፤ ሕመምተኛ ልጅ በራሷ ሕመም የምትቀልድ መሆኗን አዋቂዎች ብዙ ጊዜ አይገነዘቡትም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በልጅነቴ የሰማኋቸው የሕመምተኛ ታሪኮች በሙሉ የሚያልቁት በመዳን ነበር። እኔ በየጠዋቱ መርፌዬን ስወጋ የእኔ ታሪክ ገና ስላላለቀ ይሆን ወይስ እኔ ስላልተመረጥኩ እያልኩ እብሰለሰል ነበር። የእርስዎ ተረት ደግሞ ይህን ያከፋዋል፤ ሦስቱን ፈተና ያለፈች ልጅ ከዳነች፣ ያልዳነው አንባቢ ፈተናውን ወድቋል ማለት ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውንም ስሕተት እንዳይሠሩ እለምንዎታለሁ። ስኳሯ ሲወርድ የማይታየውን የምታይ፣ ሕመሟ ራሱ ድብቅ ኃይል የሆነላት ልጅ ለመፍጠር ይፈተኑ ይሆናል። በዘጠኝ ዓመቴ እንዲህ ያለ ተረት ቢነበብልኝ ኖሮ ያንን ነገር ለማየት ስል ምሳዬን ሆን ብዬ እተው ነበር፤ ይህን የምለው በግምት ሳይሆን የዚያን ጊዜውን ራሴን ስለማውቀው ነው።

ተአምር ከፈለጉ የኢንሱሊን ታሪክ ራሱ አለልዎት። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የነበራቸው ዘዴ ልጁን በትንሽ ምግብ እያስራቡ ዕድሜውን በወራት ማራዘም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ካናዳ ውስጥ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ አጥንቱ የቀረ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከበሬ ቆሽት በተጨመቀ ፈሳሽ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ አልሠራም፤ እንዲያውም ቆዳውን አስቆጣው። ተመራማሪዎቹ ፈሳሹን እንደገና አጥርተው ከ12 ቀን በኋላ ሲወጉት ግን ስኳሩ ወረደ፣ ልጁም ብርታት አገኘ፣ ከዚያ በኋላም 13 ዓመት ኖረ። ይህን ሳነብ የነካኝ ልጁ «ዳነ» አለመባሉ ነው፤ በማግስቱም መርፌ ያስፈልገው ነበር፤ ነገር ግን ማግስት ኖረው።

የአንዲት ልብ ሕመምተኛ እናት

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን በከፊል አልስማማም። የእኔ ልጅ የልብ በር (ቫልቭ) ሕመም አለባት። የጀመረው በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው፤ ሕመሙ እንዳይብስ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወስዳለች፤ መርፌው ስለሚያም ቀኑ ሲደርስ ከዋዜማው ጀምሮ ዝም ትላለች። ደረጃ መውጣት ያደክማታል። ይህች ልጅ ተረት ስትጠይቀኝ የምትፈልገው ስለ ፔኒሲሊን እንድነግራት አይደለም፤ መሮጥ ነው የምትፈልገው፤ እንድትሮጥበት ነው ተረት የምትወደው።

እህቴ መምህርት፣ ተረትዎ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የወረደ ፖስተር እንዳይሆን እፈራለሁ። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ምክር ሲሰሙ ይውላሉ፤ ማታ በተረቱ ውስጥም ነርስ ከጠበቀቻቸው የት ይሂዱ? ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከላይ የጻፉት ነርስ ልጄን ቢያክሟት ደስ ይለኛል፤ ተረት ቢነግሯት ግን አልፈልግም። በሐይቁ ሥር ባለው አገር ለአንዲት ሌሊት ብቻ ልጅቱ ምንም እንዳይሰማት፣ መርፌም እንዳያስፈልጋት ቢያደርጉ፣ ስትመለስ ግን ሁሉም እንደነበረ ሆኖ ቢቆያት ምን ይጎዳል? ልጅ ምኞትንና እውነትን የሚለይ አእምሮ አለው።

የልጆች መጻሕፍት አርታኢ

ውይይቱ ጠቃሚ ቦታ ላይ ደርሷል። እኔ የማነሣው እስካሁን ያልተነካውን የቋንቋና የእምነት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ምናባዊ ፍጡር መፍጠር ሌላ ቦታ እንደሚፈጠረው ነጻ አይደለም። በአማርኛ ዛር፣ ቡዳ፣ ጋኔን፣ ዓይነ ጥላ ስንል የተረት ገጸ ባሕርያትን ብቻ እየጠራን አይደለም፤ የሕመም ምክንያት ተደርገው የሚቆጠሩ ስሞችን እየጠራን ነው። የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ መንገድ ላይ ሲወድቅ አላፊ አግዳሚው ክብሪት ጭሮ ጭሱን በአፍንጫው የሚያሸትተው ለዚህ ነው፤ ያ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያደገበት ትረካ ምክንያቱ መንፈስ ነው ስላለው ነው። እንግዲህ አንድ ደራሲ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሕመምን የሚያመጣ ወይም የሚወስድ መንፈስ ሲያስገባ፣ ለሌላ አገር አንባቢ ምናብ የሆነው ነገር ለእኛ ልጅ ሠፈሩ ውስጥ የሰማው ምርመራ ሆኖ ይነበባል።

የውሃ ንግሥትዎ ችግር እዚህ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ያለች ልጅ ከውሃ ወጥታ በእጅ የምትፈውስን ሴት ስታነብ፣ እንደ ቤተሰቧ አስተሳሰብ፣ ወይ የውሃ ጋኔን ወይ ጠበል ትዝ ይላታል። ጋኔን ከሆነች ልጅቱ ለመዳን ከማን ጋር እንደተዋዋለች ያስፈራታል፤ ጠበል ከሆነች ደግሞ ጠበል ከተገኘ መርፌው ይጣላል የሚል ትምህርት ይዛ ትነሣለች። ይህ ሁለተኛው ቀላል ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እንኳ በዘመናቸው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገር አስፈልጓቸው ነበር። ጸሎትንና ጠበልን በተረቱ ውስጥ ማስገባት ከፈለጉ ያስገቡ፤ ብልቃጡ ግን ከልጅቱ ቦርሳ አይውጣ።

ታዲያ ተአምሩ ለምን ያስፈልጋል ላሉት፣ መልሱን ከራሳችን ተረት ልዋስ። የአንበሳውን ጸጉር ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል፤ በአንዳንዱ ቦታ ስለ እንጀራ እናት፣ በሌላው ስለ ባልና ሚስት ይተረካል። የእንጀራ ልጇ ልቡን የዘጋባት ሴት ሽማግሌው ዘንድ ትሄዳለች፤ እርሳቸውም ከአንበሳ ላይ ጸጉር ነቅለሽ አምጪልኝ ይሏታል። ሴቲቱ አንበሳውን አትገድለውም፣ አታደነዝዘውምም። ሥጋ ይዛ በየቀኑ ትሄዳለች፤ ዛሬ ከሩቅ ታስቀምጥለታለች፣ ነገ አንድ እርምጃ ትጠጋለች፣ ከብዙ ቀን በኋላ አጠገቡ ትቀመጣለች። ቋሚ ሕመም ያለባት ልጅ ሕይወት ከዚህ የበለጠ የተገለጠበት ተረት አላውቅም። አንበሳው አንበሳነቱን አይለቅም፤ አንድ ቀን ሥጋው ቢቀር ምን እንደሚያደርግም ሴቲቱ ታውቃለች፤ ሆኖም ከእርሱ ጋር መኖር የሚያስችል የቀን ተቀን ጥበብ አላት። በእርስዎ ሐይቅ ውስጥም ተአምሩ ሕመሙ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ይሁን፤ በሩ፣ ፍጡራኑ፣ ጉዞው ድንቅ ይሁኑ፤ የልጅቱ የዘወትር ጥንቃቄ ደግሞ የዚያ አገር ሰዎች የሌላቸውና የሚፈልጉት ዕውቀት ይሁን።

የልብ ሕመምተኛዋን ልጅ እናት ሐሳብ በተመለከተ፣ የአንዲት ሌሊት ነጻነት ለሯጯ ልጅ የሚያምር ይመስለኛል፤ ለስኳር ሕመምተኛዋ ግን አልመክረውም። መሮጥን መመኘት ልጅን አይጎዳም፤ አንድ ሌሊት መርፌ መዝለል ግን ልትሞክረው የምትችለው ነገር ነው። አንድ ዓይነት መልስ ለሁለቱም ሕመሞች የሚሆን አይመስለኝም፤ ተረቱ ሊመርጥ ይገባል። በነገራችን ላይ «በሽተኛዋ» የሚለው ቃል በረቂቅዎ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ይቁጠሩልኝ፤ ስም ያላት ልጅ በስሟ ትጠራ።

እናት ከስቶክሆልም

በአጭሩ ልጨምር። እዚህ ያሉት አገሮች፣ በተለይም ፊንላንድና ስዊድን፣ ይህ ሕመም በልጆች ላይ በብዛት ከሚታይባቸው የዓለም አገሮች ግንባር ቀደሞቹ ስለሆኑ ልጄ ብቻዋን አይደለችም፤ በክንዷ ላይ የተለጠፈ መለኪያ አላት፣ ቁጥሩንም በስልኬ አየዋለሁ። እባክዎ ማሰሮውንና ብልቃጡን ዘመናዊ ለማድረግ ብለው አያውጧቸው፤ ልጄ የአክስቷ አገር ልጅ ያንኑ ሕመም በሌላ ዕቃ እንዴት እንደምትይዘው በአማርኛ ብታነብ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ያስቸግረናል። እኔ ተረት ነግሬ ስጨርስ እንደ እናቴ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ስል፣ እርሷ ወዲያው «ዳቦው ስንት ግራም ነው?» ትለኛለች፤ የምትበላውን ቆጥራ ነዋ ኢንሱሊኗን የምትወስደው።

መምህርት ከደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አርታኢው እንዳዘዙኝ «በሽተኛዋ» የሚለውን ቃል ብቆጥረው 27 ጊዜ አገኘሁትና አፈርኩ። ንግሥቲቱን ከነፈውሷ አስወጥቻታለሁ፤ በቦታዋ አንድ ዕድሜ ጠገብ አምባዛ ገብቷል። አምባዛ ማንንም ሲያሳምምም ሆነ ሲያድን ሰምቼ አላውቅም። ለልብ ሕመምተኛዋ ልጅ እናት ደግሞ፣ ተረቱ ከፖስተር እንዲርቅ ምክሩን ሁሉ ከአዋቂዎች አፍ ነጥቄ ለልጅቱ ሰጥቻለሁ፤ በዚህ አገር የሚማረው አምባዛው ነው። ሯጯ ልጅ ግን የራሷ ተረት ይገባታል፤ ይህኛውን ስጨርስ እሞክረዋለሁ። ትናንት ማታ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፤

«አምባዛው ጢሙን እያወዛወዘ፣ ‹በሩ ክፍት የሚሆነው ፀሐይ እስክትገባ ነው፤ ቶሎ በይ፣ እንሂድ!› አላት። የእርሷ እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹አሁን አልሄድም፤ ስኳሬ ወርዷል› አለችው። ‹መጀመሪያ ማሬን እልሳለሁ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ እንጠብቃለን።› አምባዛው በሐይቁ ሥር ሦስት መቶ ዓመት ሲኖር ደቂቃ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበርና፣ ‹ደቂቃ ምንድን ነው? ይበላል?› ሲል ጠየቃት።»

የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ አምባዛው ደቂቃን መቁጠር እስኪችል ድረስ እንዳላሳልፈውም አዘዘችኝ። ማሰሮውም ገብቷል፤ በሐይቁ ዳር ካለችው ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

ነርስ፣ የሕፃናት ክትትል

ተረት እንዳልነግር የተከለከልኩ ብሆንም አንዲት እርማት ብቻ ይፈቀድልኝ። ልጅቱ ማሩን በጣቷ የምትልስ ከሆነ ከ15 ደቂቃ በኋላ ከመለካቷ በፊት ጣቷን ታጥባ ታድርቅ፤ ማር የነካው ጣት ሲወጋ መለኪያው በደሟ ውስጥ የሌለ ስኳር ያነባል፤ ልጅቱም የዳነች መስሏት ትሄዳለች። መታጠቡስ በሐይቅ ሥር አያስቸግራትም፤ ማድረቁን እንዴት እንደምታደርገው ግን ለአምባዛው ትቼዋለሁ።